ሌንሳችሁን በጥርስ ሳሙና አትፈትጉ፦ ስለ አሮጌ የሲኒማ ሌንሶች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጽሑፍ እየተቀባበለ ነው። ስለ አሮጌ የሲኒማ ሌንሶችና ስለ ኮቲንጋቸው፣ ማለትም መስታወታቸው ላይ ስለሚደረገው ስስ ሽፋን፣ የሚያወራ ነው። ለእኔም ደረሰኝ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ ስለ ሌንስ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ የለንምና። እየገፋሁ ስሄድ ግን አሳሰበኝ። ታሪኩ ብዙ ቦታ ተዛብቷል። የባሰው ደግሞ መጨረሻው ላይ ያለው ምክር ነው። ምክሩን ሰምተው ሌንሳቸውን ያበላሹ ልጆች እኔ ካሜራ ወደምጠግንበት ጠረጴዛ መምጣት ጀምረዋል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ኮቲንግ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ምስጢር ነበር፣ ሌላው ዓለም በ1945 ዘርፎ ነው ያገኘው። የድሮ ፊልም ያማረው ሌንሱ ኮቲንግ ስላልነበረው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች ድብዝዝ ብለው የሚያምሩትም ለዚሁ ነው። ፊቱ ሐምራዊ የሚያበራ ሌንስ ኦሪጂናል ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላው ደግሞ «ሞቃት ኮቲንግ» አለው። ስለዚህ ሄሊዮስ የሚባለው የሶቭየት ሌንስ ያለው ሰው የፊቱን ኮቲንግ በጥርስ ሳሙና ፈትጎ ቢያወጣው የሆሊውድ ሌንስ ያገኛል። ሻጋታ ከያዘም መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቀውም። የድሬ ልጅ እንደሆነ ግን ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ስለዚህ በከተማችን ወግ አንተ እያልኩ ልመልስልህ፣ ወንድሜ። ለአሮጌ ሌንስ ያለህን ፍቅር አልጠላሁትም፤ እኔም አለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከታሪኩ ልጀምር። ኮቲንግ በጦርነቱ ጊዜ የተወለደ ነገር አይደለም። በ1892 ሃሮልድ ዴኒስ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ የሌንስ ባለሙያ አንድ ነገር አስተዋለ። ከዕድሜ ብዛት ፊታቸው የወየበ ሌንሶች ከአዲሶቹ የበለጠ ብርሃን ያሳልፉ ነበር። ሰው ሁሉ የወየበ ሌንስ ተበላሸ ብሎ ሲያዝን እሱ ተሻለ አለ። በማግስቱ ዓመት በ1893 ዝነኛውን ባለ ሦስት መስታወት ኩክ ትሪፕሌት የነደፈውም ይኸው ሰው ነው። ወየባውን በኬሚካል ለማምጣት ሞክሮ በ1904 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ውጤቱ ግን ከመስታወት መስታወት ስለሚለያይ በፋብሪካ ደረጃ አልገፋም።

የዘመናዊው ኮቲንግ አባት አሌክሳንደር ስማኩላ ነው። በ1935 የና ከተማ በሚገኘው የዛይስ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ማዕድን አትንኖ በመስታወት ላይ በስሱ የማሳረፍን ዘዴ አስመዘገበ። ስማኩላ የሠራው ጀርመን አገር ነው፤ ትውልዱ ግን ዩክሬናዊ ነው። የጀርመን መንግሥት ዘዴውን ለጦር መሣሪያ ፈልጎት በምስጢር መያዙ እውነት ነው። እዚህ ላይ ልክ ነህ።

ነገር ግን አሜሪካኖቹ በራሳቸው መንገድ እዚያው ደርሰው ነበር። ጆን ስትሮንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሳሳይ ዘዴ አሳተመ። በ1938 ካትሪን ብሎጀት የምትባል የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሳይንቲስት ነጸብራቅ የሌለው መስታወት ሠርታ አሳየች። የእሷ ሽፋን 44 የሞለኪውል ድርብርብ ነበረው። በጣም ለስላሳ ስለነበር በእጅ ሲነካ ይለቅ ነበር እንጂ ሐሳቡ ፍጹም ነበር። በ1939 ደግሞ ካርትራይትና ተርነር ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማግኒዚየም ፍሎራይድን ይዘው መጡ። ይህ ማዕድን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እንግዲህ ፍረደኝ፤ ከ1945 በፊት የራሱ ኮቲንግ የነበረው አገር ምኑን ነው የዘረፈው? ሌላው ቀርቶ ስማኩላ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ተወስዶ በዚያው በኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆኗል።

በሶቭየት በኩል ያልከው ግን እውነትነት አለው። ከጦርነቱ በኋላ ከየና ብዙ መሣሪያና ንድፍ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄዷል። እጃችን ላይ ያለው ሄሊዮስ 44 የዛይስ ቢዮታር 58 ሚሊ ሜትር ግልባጭ ነው። ቢዮታርን የነደፈው ቪሊ ሜርቴ ነው። ሄሊዮስ ከዜኒት ካሜራ ጋር በብዛት ተመርቶ ዓለምን አዳረሰ። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው በመጡ ሰዎች ቤት ዛሬም ከሳጥን ሥር ይወጣል።

ቀጥሎ ትልቁ ነጥብህ፦ «የድሮ ፊልም ያማረው ሌንሱ ኮቲንግ ስላልነበረው ነው» የሚለው። ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ኮቲንግ ምን እንደሚሠራ መነጋገር አለብን። ጽሑፍህ ኮቲንግን እንደ ቀለም ቅብ ነው የሚያየው።

ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ሁሉም አያልፍም። ተራ መስታወት ከሆነ ከመቶው 4 ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ከመስታወቱ ወደ አየር ሲወጣም እንደዚያው። ከባድ መስታወት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሄሊዮስ 44 ስድስት መስታወቶች አሉት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጣበቁ ስላሉ አየር የሚነካው ፊት 8 ነው። ኮቲንግ ባይኖረው ከሚገባው ብርሃን ካሜራው ጋ የሚደርሰው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆን ነበር።

የጠፋው ብርሃን መጥፋቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ሌንሱ ውስጥ ያለውን የብርሃን ቀዳዳ፣ ከፍተህ ወይም መብራት ጨምረህ ታካክሰዋለህ። ችግሩ ከፊሉ እዚያው ሌንሱ ውስጥ ከፊት ወደ ፊት እየነጠረ ይቆይና ምስሉ ላይ ማረፉ ነው። 8 ፊት ባለው ሌንስ ውስጥ ብርሃን ሁለት ጊዜ ነጥሮ ካሜራው የሚደርስበት መንገድ 28 ነው። እንደ ዙም ሌንስ ፊቱ 20 ከሆነ ደግሞ 190 ይሆናል። ጥቁሩ ግራጫ የሚሆነው፣ ምስሉ ላይ ጭጋግ የሚወርደው፣ ፀሐይ ስትገባ ክብ ክብ ነገር የሚደረደረው በዚህ ነው።

ኮቲንግ ይህን የሚያጠፋው በውፍረቱ ነው። ሽፋኑ የብርሃኑን ሞገድ ሩብ ያህል እንዲሆን ተለክቶ ይሠራል። ከሽፋኑ የላይኛው ፊት የሚመለሰው ሞገድና ከሥሩ የሚመለሰው ሞገድ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ነጸብራቁ ሲጠፋ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ያልፋል። ዝናብ በጣለ ማግስት ኩሬ ላይ ናፍጣ ሲንሳፈፍ የምናየው ቀለም የዚሁ ሕግ ውጤት ነው። አንድ የማግኒዚየም ፍሎራይድ ሽፋን 4 በመቶ የነበረውን ነጸብራቅ ወደ 1.5 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። በ8 ፊት ስታሰላው 72 የነበረው ወደ 89 ይጠጋል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው። በ1896 ፓውል ሩዶልፍ ዛይስ ውስጥ ፕላናር የሚባል ሌንስ ነደፈ። ስድስት መስታወት፣ ስምንት ፊት። ጥራቱ የሚደነቅ ነበር። ግን ኮቲንግ የለም፤ ስለዚህ ምስሉ ጭጋጋም ሆነ። በ1902 ያው ሰው አራት መስታወትና ስድስት ፊት ያለውን ቴሳርን አመጣ። ቴሳር ገበያውን ወሰደ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሉድቪግ በርቴሌ ዞናርን ሲሠራ መስታወቶቹን ሦስት ሦስት አድርጎ አጣብቆ ፊቱን ወደ 6 ያወረደው ለምን ይመስልሃል? ነጸብራቅ ሽሽት ነው። ከዚያ ኮቲንግ መጣና ፕላናር ከተቀመጠበት ተነሳ። ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ አብዛኞቹ 50 ሚሊ ሜትር ፈጣን (ብዙ ብርሃን የሚያስገቡ) ሌንሶች የዚያ ቤተሰብ ናቸው። ፈረንሳዊው ፒየር አንዠንዩ በ1960ዎቹ ለ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ የሠራው 12-120 ዙም ያለ ኮቲንግ የሚታሰብ አልነበረም። የዜናና የዘጋቢ ፊልም ቀራጮች ካሜራውን ትከሻቸው ላይ አድርገው እንዲሮጡ ያስቻለው ያ ሌንስ ነው።

ስለዚህ ኮቲንግ የሌንስን ውበት የበላ ጠላት አይደለም፣ ወንድሜ። የምትወዳቸው ሌንሶች ራሳቸው ኮቲንግ በመኖሩ የተቻሉ ናቸው።

ነገሩን ሙሉ ለማድረግ፣ በ1930ዎቹ ሆሊውድ ኮቲንግ በሌላቸው ሌንሶች መቅረጹ እውነት ነው። ከሁሉ የታወቀው ኩክ ስፒድ ፓንክሮ ነው። ሌስተር ከተማ ውስጥ ቴይለር ቴይለር ኤንድ ሆብሰን የሠራው፣ ሆራስ ሊ በ1920 ከነደፈው ኤፍ 2 ሌንስ የተወለደ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የብርሃን ቀዳዳው ይሰፋል)። ድምፅ ወደ ፊልም ሲመጣ እየጮኸ የሚያስቸግረው የአርክ መብራት ለታንግስተን ቦታ ለቀቀ፤ ፈጣን ሌንስ የተፈለገውም ያኔ ነው። ግን ምስሉ ያማረው በነጸብራቁ አልነበረም። መብራቱ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ነበር። ወደ ሌንሱ የሚመጣ ጨረር ሁሉ በጥቁር ጨርቅና በጥላ ይከለል ነበር። ነጸብራቅን በጉልበት ነበር የሚከላከሉት።

ኮቲንግ ሲመጣስ ምን አደረጉ? ተሽቀዳድመው ወሰዱት። ግሬግ ቶላንድ በ1940 «ሲቲዝን ኬን»ን ሲቀርጽ የተጠቀመው ኮቲንግ የተደረገላቸውን ሌንሶች ነው። መብራት ፊት ለፊት ካሜራውን እያየ እንኳ ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ማቆየት ፈልጎ ነበር። አንተ የምታደንቀው ዘመን ጌቶች የመረጡት ኮቲንግን ነው።

የራምቦው ነገር ትንሽ አናዶኛል፤ የሐረር ታሪክ ስለሆነ። ራምቦ በ1883 ሐረር ላይ ካሜራ ነበረው፤ ራሱንም ከተማውንም አንስቷል። ፎቶዎቹ ነጣ ብለው ደብዝዘዋል፣ ይህ አያከራክርም። ምክንያቱን ግን ራሱ ነግሮናል። በግንቦት 1883 ለቤተሰቦቹ ሲጽፍ ምስሎቹ የነጡት በሚያጥብበት መጥፎ ውኃ የተነሳ መሆኑን ገልጿል። የእጥበት ኬሚካል ነገር ነው፤ ሌንሱን አያገባውም። ደግሞም በዚያ ዘመን በብዛት ይሠራባቸው የነበሩ የመልክዓ ምድር ሌንሶች ጥቂት መስታወት ነበራቸው። ፊቱ 4 ብቻ በሆነ ሌንስ ብርሃን የሚነጥርበት መንገድ 6 ነው። ኮቲንግ ሳይኖራቸውም ጭጋጋቸው ትንሽ ነበር። ራምቦ ቤት ለጉብኝት የሚመጡ ተማሪዎችን ይዘህ ብትሄድ ይህን ንገራቸው፤ ከሌንሱ ይልቅ የውኃው ታሪክ የበለጠ የሐረር ነው።

ስለ ሄሊዮስ ጀርባም አንድ ነገር ልበል። ከሰውየው ኋላ ያለው ቅጠል እንደ አዙሪት ሲዞር ያምራል። ጽሑፍህ ኮቲንጉ ሲወጣ «አዙሪቱ ይጨምራል» ይላል። አይጨምርም። አዙሪቱ የሚመጣው ከንድፉ ነው። በምስሉ ጠርዝ ላይ የሌንሱ በርሜል ብርሃኑን ከጎን ይከረክመዋል፤ ክቡ እንደ ድመት ዓይን ይሾላል። በዚያ ላይ የትኩረቱ ሜዳ ጎባጣ ነው፣ ጠርዝ ላይ ነጥብን ወደ ጭረት የሚጎትተው አስቲግማቲዝም የሚባለው ጉድለትም አለ። ሦስቱም ከመስታወቱ ቅርፅና አቀማመጥ የሚመጡ ናቸው።

ሐምራዊው ቀለም ቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ባለ አንድ ሽፋን ኮቲንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ለአረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ዓይናችን ለእሱ ይበልጥ ንቁ ነውና። አረንጓዴው ሲያልፍ ሰማያዊና ቀይ በጥቂቱ ይመለሳሉ፤ ተደባልቀው ሐምራዊ ይመስላሉ። ለሰማያዊ ከተለካ ደግሞ ፊቱ ወርቃማ ይሆናል። አምራቾች አንዱን መስታወት ወርቃማ ሌላውን ሐምራዊ ያደርጉታል፤ የሌንሱ ጠቅላላ ቀለም እንዲመጣጠን ነው። ኦሪጂናል መሆን አለመሆኑን ግን ቀለሙ አይነግርህም። በሶቭየት ሌንስ ላይ ኮቲንግ መኖሩን የሚነግርህ ፊቱ ላይ የተጻፈው በር የሚመስል ቀይ የሩሲያ ፊደል ነው። ሌንስ ስትገዙ ደግሞ አምፖል ሥር ያዙትና የአምፖሉን ምስሎች ተመልከቱ። ቀለም ያለው ነጸብራቅ ኮቲንግ ካለው ፊት ይመጣል። ነጭ ሆኖ ቦግ ያለ ካለ ያ ፊት ኮቲንግ የለውም ወይም ተፍቋል። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ላይ ቆማችሁ በስልካችሁ መብራትም ይሠራል።

ባለ ብዙ ድርብርብ ኮቲንግ «ከዲጂታል ጋር የመጣ» ያልከውም እንዲሁ ይታረም። ፔንታክስ በ1971 ለገበያ አውጥቶታል፣ ዛይስም በ1972 ተከትሏል። ያኔ ሁሉም ሰው የሚቀርጸው በፊልም ነው።

ቢጫው ነገር ግን ከበድ ይላል፤ ቀስ ብለን እንየው። አንዳንድ አሮጌ ሌንሶች ምስሉን ወደ ሻይ ቀለም ይስቡታል። ይህ ኮቲንግ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ብርሃንን በጣም የሚያጥፍ ግን ቀለም የማይበትን መስታወት ይፈለግ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም የሚባል ንጥረ ነገር መጨመር ያንን አስገኘ። ቶሪየም ደግሞ ራዲዮአክቲቭ ነው። ጨረሩ ዓመታት ሲቆጠሩ መስታወቱን ራሱን ከውስጥ ያወይበዋል። በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ የፔንታክስ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ነው፤ የኋለኞቹ ስሪቶች ቶሪየም አላቸው። ተጠቅሞ መቅረጽ የሚያስፈራ አይደለም፣ የጨረሩ መጠን ትንሽ ነው። ወየባውም አልትራ ቫዮሌት ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በመስኮት የሚገባ የጠዋት ፀሐይ በጊዜ ብዛት ያጠራዋል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ቶሪየም ያለውን መስታወት መፈተግና መሞረድ። ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ ጨረሩ ከውስጥ ነው የሚሠራው። አንተ «ቢጫ ሌንስ ካላችሁ የበለጠ ፈትጉት፣ ሞቃት ኮቲንጉ ይለቃል» ብለሃል። አቦ፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ አጥፋት። ልጆች ቤታቸው ውስጥ፣ ወንድም እህቶቻቸው ባሉበት ክፍል ነው ይህን የሚያደርጉት።

አሁን ወደ ጥርስ ሳሙናው።

የማግኒዚየም ፍሎራይድ ሽፋን ውፍረት 100 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ ከ500 እጥፍ በላይ ይወፍራል። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው የሚፍቅ ቅንጣት ከሽፋኑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሽፋኑን ለይቶ አንስቶ መስታወቱን የሚተው ሳሙና የለም። ሽፋኑ ሲወጣ መስታወቱም አብሮ ይጫራል። ጭረቱ በዓይን ባይታይህ እንኳ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ይታያል። ምስሉ ላይ የሚወርደው ጭጋግ ያኔ የጭረት ጭጋግ ነው፤ የ1930ዎቹ ውበት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው። የሌንስ ፊት ቅርፁ በብርሃን ሞገድ ክፍልፋይ ደረጃ ተለክቶ የተሠራ ነው። በጣት መሐል ላይ ጠንከር፣ ዳር ላይ ቀለል እያደረግህ ስትፈትገው ቅርፁ ይዛባል። ከዚያ በኋላ አንዱ ጎን ፎከስ ሲሆን ሌላው አይሆንም። እኔ ጋ የመጡት ሌንሶች ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው። ባለቤቶቹ ፎከሱን እንዳስተካክል ይጠይቁኛል። በመፍቻ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ትርፉስ ምን ያህል ነው? በጣም ትንሽ። ሄሊዮስ 8 ፊት አለው ብለናል። የፊተኛውን ብትፈትግ የዚያ ፊት ነጸብራቅ ከ1.5 ወደ 4 ወይም 5 በመቶ ያድጋል። ሰባቱ ፊት ግን ኮቲንጋቸው እንዳለ ነው። ብርሃን ከሚነጥርባቸው 28 መንገዶች ያን ፊት የሚነኩት 7 ብቻ ናቸው። ማለትም ሌንሱን ለዘለዓለም አበላሽተህ ያገኘኸው ለውጥ ሰርግ የሚያይ ሰው አያስተውለውም።

የዛሬ አምራቾች አሮጌውን መልክ ለሚፈልግ ሰው ሆን ብለው የተለየ ኮቲንግ ያለው ሌንስ ይሠራሉ። ዛይስ በ2019 ያወጣው ሱፐሪም ፕራይም ሬዲያንስ አንዱ ነው። ፍሌሩ፣ ማለትም መብራት ሲገባ ምስሉ ላይ የሚረጨው ብርሃን፣ ሰማያዊ ሆኖ በልክ እንዲወጣ ኮቲንጉን እንደገና ነድፈውታል። ተመልከት፤ ፍሌር የሚፈልጉት እንኳ በፋብሪካ፣ በማሽን፣ በልኬት ነው የሚያመጡት።

በእኛ አገር ብርሃን ላይ ደግሞ ኮቲንግ የሌለው ሌንስ ምን እንደሚያደርግ አስበው። የድሬ የቀትር ፀሐይ አለ። የሐረር ጁገል ጠባብ መንገዶች በኖራ የተቀቡ ግድግዳዎቻቸው ከግራ ከቀኝ ብርሃን ይተፋሉ። ነጭ የለበሰች ሙሽራ ከዚያ መሐል ስትወጣ ፊቷን ማውጣት በጥሩ ኮቲንግም ያታግላል። ወይም ማታ ሐረር ጅብ ሲበላ ቅረጽ። ብርሃኑ የባጃጅ የፊት መብራት ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍሬሙ ውስጥ ይገባል። ጅቡ ጥቁርና ቡናማ ነው፣ ከኋላው ጨለማ ነው። ጭጋግ የሚያወርድ ሌንስ ካለህ የምታየው መብራት ብቻ ነው፣ ጅቡ ግራጫ ውስጥ ይጠፋል።

ስለ ሻጋታና መኪና ባጭሩ። ሻጋታ የሚለቀው አሲድ ኮቲንጉን ስለሚበላ ቶሎ መጸዳት አለበት፤ ትክክል ነህ። ግን በድሬ ሙቀት የተዘጋ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ የፎከሱ ግሪስ ይቀልጣል። ዘይቱ የአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ይፈሳል፣ ይጣበቃሉ። አሮጌዎቹ መስታወቶች የተጣበቁበት የካናዳ ባልሳም የሚባለው ሙጫም ሙቀት አይወድም። ሐረር እንደ ድሬ ደረቅ ስላልሆነች በክረምት ሌንሱን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ በቂ ነው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት ያቺ ትንሽ ከረጢት ማለቴ ነው፤ እርጥበት ከጠገበች ግን ትቀየር።

የድሮውን መልክ ለሚፈልጉ ልጆች ከሳሙናው ይልቅ ይህን ንገርልኝ። ሄሊዮሱን ኤፍ 2 ላይ ክፈቱት። የሰውየው ጀርባ ቅጠል ይሁን፣ ፀሐይ ከኋላው ትምጣ፣ የሌንሱን የፀሐይ ከለላ አውልቁ። ለስለስ እንዲል ከተፈለገ ስስ ጥቁር የሴት ስቶኪንግ ከሌንሱ በስተኋላ በጎማ ማሰር ይቻላል፤ የፊልም ሰዎች የኖሩበት ዘዴ ነው። ካልተወደደ ይወልቃል፣ ሌንሱም ደኅና ነው።

ቀድመው የፈተጉም አሉ። ተስፋ አትቁረጡ። ሄሊዮስ በብዛት የተመረተ ስለሆነ የፊት መስታወቱን ከተመሳሳይ ሞዴል መቀየር ይቻላል። ቤታችሁ የተሰበረ፣ መዝጊያው የማይሠራ ዜኒት ካለ ለቆራሌው አትስጡት። ካሜራው ቢሞትም ሌንሱ ላይ ያለው የፊት መስታወት ለሌላ ሰው ይሆናል። እስከዚያው ከለላ አድርጋችሁ፣ አፐርቸሩን ኤፍ 5.6 አካባቢ አጥብባችሁ ቅረጹ፤ የተዛባው ጠርዝ ከሥራ ውጭ ስለሚሆን ምስሉ ብዙ ይሻሻላል።